ስለ ልክና ስለ ልከኛነት

ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ተማምኖ ሊገበያይና ሊዋዋል የሚችለው በሁለት ነገር ነው። አንዱ የታመነ ቃል ሲሆን፣ ሁለተኛው የታመነ ልክ ነው። ቃል ቢታጠፍ ምስክር ይጠራል፤ ልክ ቢጭበረበር ግን ተበዳዩ ብዙ ጊዜ መበደሉን እንኳ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይገባል። ቋንቋችንም ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ አስተውሎታል። «ልክ» ስንል መጠን ማለታችን ነው፤ «ልክ ነው» ስንል ደግሞ እውነት ነው ማለታችን ነው። «ልከኛ» የምንለውም ሰው ከመጠኑ የማያልፍና ባልንጀራውን የማይበድል ሰው ነው። መጠንና እውነት በአንድ ቃል የተጠሩት በከንቱ አይደለም።

እኔ ሚሲዮናውያን ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ተምሬ፣ በኋላም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለሕፃናት ሒሳብ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዳስተዋልሁት፣ ልጆች አንድ ሜትር 100 ሳንቲሜትር፣ አንድ ኪሎግራም 1,000 ግራም መሆኑን በቃላቸው ይወጡታል፤ ነገር ግን ሜትር ከወዴት እንደ መጣና ስለ ምን እንደ ተፈለገ የሚነግራቸው ሰው እምብዛም አያገኙም። ስለዚህ ነገ ታናናሾቻችሁን ለምታስተምሩት ለእናንተ ለወጣቶች ታሪኩን በአጭሩ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀድሞ በአገራችን ሰው የሚለካው በገዛ አካሉ ነበር። ጣት፣ ጋት፣ ስንዝርና ክንድ የጨርቅና የእንጨት መለኪያዎች ነበሩ። እህል በቁናና በዳውላ ይሰፈር፣ ወርቅ በወቄት ይመዘን ነበር። የወቄቱም ክብደት ብዙ ጊዜ በማሪያ ቴሬዛ ብር ይታወቅ ነበር፤ ይኸውም 28 ግራም ያህል ነው። መሬት በጥማድና በጋሻ፣ መንገድም በቀን ጉዞ ይነገር ነበር። እነዚህን መለኪያዎች ማንም ሊንቃቸው አይገባም። ክንድ ያለው ሰው ሁሉ መለኪያውን ይዞ ይዞራል፤ ገበሬውም ጥማድ ሲል ሁለቱ በሬዎቹ በአንድ ቀን የሚያርሱትን መሬት፣ ማለት የገዛ ድካሙን መጠን ይናገራል።

ችግሩ የሚመጣው የአንዱ ሰው ክንድ ከሌላው ሰው ክንድ ጋር ሲገናኝ ነው። አቡጀዲ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ረጅም ክንድ ያለውን ዘመዱን ይዞ ወደ ገበያ ይወጣ እንደ ነበር ሽማግሌዎች እየሳቁ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ይህስ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው ግን የቁናው ባለቤት ኀይለኛ፣ ተሰፋሪው ደግሞ ድኻ በሆነ ጊዜ ነው። የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና አይተካከልም ነበርና፣ ኀይለኛው ሲቀበል በትልቁ ቁና ከምሮ፣ ሲሰጥ በትንሹ ቁና አፉን በእጁ ጠርጎ ቢሰፍር ድኻው በምን ይከራከራል? ጋሻ መሬትም በኋላ 40 ሄክታር ያህል ተብሎ እስኪቆጠር ድረስ እንደየቦታው ይሰፋና ይጠብ ነበር። በኦሪት ዘዳግም አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል የሆነ ሁለት የሚዛን ድንጋይ በአንድ ከረጢት መያዝ የተከለከለው፣ ይህ በደል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ስለ ሆነ ነው።

በደሉም የእኛ አገር ብቻ አልነበረም። ዛሬ የሜትር አገር የምንላት ፈረንሳይ ከእኛ የባሰ የልክ ድብልቅልቅ ነበረባት። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት ከ1789 አብዮት በፊት በዚያች አገር 800 በሚያህሉ ስሞች የሚጠሩ፣ በመጠን ግን የተለያዩ 250,000 ያህል መለኪያዎች ነበሩ። ስሙ አንድ ሲሆን መጠኑ ከመንደር መንደር ይለያይ ነበር። ባላባቱ ግብሩን የሚቀበልበት የራሱ መስፈሪያ ስለ ነበረው፣ ያንን መስፈሪያ ጥቂት ቢያሰፋው የገበሬው ግብር አዋጅ ሳይነገር ያድግ ነበር። በ1789 ሕዝቡ አቤቱታውን በመዝገብ ጽፎ ለንጉሡ እንዲያቀርብ በተፈቀደ ጊዜ፣ ከብዙ ቦታ ከመጡት ልመናዎች አንዱ ለአገሩ ሁሉ አንድ መስፈሪያና አንድ ሚዛን ይሁንልን የሚል ነበር። እንግዲህ ሜትር የሊቃውንት ጨዋታ ሆኖ አልተጀመረም፤ መነሻው የተበደሉ ገበሬዎች ጩኸት ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው፣ አንዱ ልክ የማን ይሁን የሚል ሆነ። የፓሪስ ልክ ቢመረጥ የሌላው ከተማ ሰው ቅር ይለዋል፤ የንጉሥ ክንድ ቢሆን ንጉሥ ይሞታል። ስለዚህ በ1791 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ልኩ ከምድር ከራስዋ ይወሰድ ብሎ ቈረጠ። ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለ10 ሚሊዮን ይከፈልና አንዱ ክፍል ሜትር ይባል ተባለ። ምድር የማንም ንጉሥ ርስት ስላይደለች፣ ከእርስዋ የተወሰደውንም ልክ ማንኛውም ሕዝብ ያለ ኀፍረት ሊቀበለው ይችላል ብለው አሰቡ።

ነገር ግን ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ገመድ የሚዘረጋ ሰው የለም። በዚህ ምክንያት ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን ክፍል ብቻ ለክቶ የቀረውን በሒሳብ ማግኘት ግድ ሆነ። በ1792 ሁለት የከዋክብት ተመራማሪዎች ከፓሪስ ተላኩ። ዣን ባፕቲስት ዴላምብር ሰሜኑን፣ ፒየር ሜሼን ደቡቡን ያዙ፤ መገናኛቸውም ሮዴዝ የምትባል ከተማ እንድትሆን ተወሰነ። ስልታቸው በሦስት ማዕዘን መለካት ነው። የአንድ ሦስት ማዕዘን አንዱ ጐንና ሁለት ማዕዘኖቹ ከታወቁ የቀሩት ጐኖች በሒሳብ ይገኛሉ። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወደ ኮረብታ ራስ፣ ከኮረብታውም ወደ ሌላ ግንብ እያነጣጠሩ ማዕዘን በማዕዘን አያያዙ። ሥራው በአንድ ዓመት ያልቃል የተባለው ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ።

ዘመኑ የሽብር ዘመን ነበርና መከራቸው ብዙ ነው። ዴላምብር በግንብ ላይ ቆሞ በመነጽር ሲመለከት ያዩት ሰዎች ሰላይ ነው ብለው ያዙት። ከሩቅ እንዲታይ የሰቀለውም ነጭ ጨርቅ የንጉሡ ወገኖች ምልክት መስሎ ስለ ታየ፣ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እንዲጨምርበት ተገደደ። ሜሼን ደግሞ በባርሴሎና ሳለ በደረሰበት አደጋ አጥንቱ ተሰብሮ ብዙ ጊዜ ታመመ። ደግሞም በ1793 በስፔንና በፈረንሳይ መካከል ጦርነት ስለ ተነሣ ከዚያች ከተማ እንዳይወጣ ተከለከለ።

አሁን የምነግራችሁ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ዋናው ነው። ሜሼን በባርሴሎና አጠገብ ባለው በሞንጁይክ አምባ ላይ ሆኖ ከዋክብትን እየተመለከተ የቦታውን ኬክሮስ በጥንቃቄ ለክቶ ነበር። በከተማዋ ታግቶ በተቀመጠበት ክረምት ደግሞ ከእንግዳ ማረፊያው ሆኖ ዳግመኛ ለካ። ሁለቱን ልኬቶች ቢያስተያያቸው አልተስማሙም፤ ልዩነታቸው ከ3 ሰከንድ ማዕዘን ጥቂት ከፍ ያለ፣ በምድር ላይ ቢቈጠር 100 ሜትር ያህል ሆነ። ልዩነቱ ከወዴት እንደ መጣ ሊያውቅ አልቻለም። እጅግ ጠንቃቃ ሰው ነበርና ኀፍረቱ በረታበት፤ ሁለተኛውን ልኬት ለማንም ሳይናገር ሸሸገው።

ሥራው አልቆ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሊቃውንት በ1798 እና በ1799 በፓሪስ ተሰብስበው ውጤቱን ሲመረምሩ፣ ዴላምብር መዝገቦቹን ሁሉ ከፊታቸው ዘረጋ። ሜሼን ግን ዋናውን መዝገብ ትቶ ያማረውን ማጠቃለያ ብቻ አቀረበ፤ ስለ ጥንቃቄውም ተመሰገነ። በሰኔ ወር 1799 ከፕላቲነም የተሠራው ሜትር በመንግሥት ቤተ መዛግብት ተቀመጠ። ሜሼን ግን ዕረፍት አላገኘም። ልኬቱን ወደ ደቡብ ላራዝም ብሎ እንደ ገና ወደ ስፔን ሄደ፤ በዚያም በንዳድ ተይዞ በመስከረም ወር 1804 ሞተ።

ከሞተ በኋላ ጽሑፎቹ በዴላምብር እጅ ገቡ። ዴላምብርም ያን ጊዜ የጓደኛውን ምሥጢር አገኘ፤ እርሳስ የተፋቀባቸውንና የተለወጡትን ቍጥሮች አየ። ሊያቃጥላቸው ይችል ነበር። ስለ ሙት ስም ብሎ ዝም ቢልም የሚከሰው አልነበረም። እርሱ ግን ከ1806 እስከ 1810 ባሳተመው ሦስት ክፍል መጽሐፍ የጓደኛውን ድካምና ችሎታ በሚገባ እያከበረ፣ ለእውነትም የሚያስፈልገውን ያህል ገልጦ ጻፈ፤ መዝገቦቹንም ወደ ፊት የሚመጡ ሰዎች እንዲመረምሯቸው በፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ቤት አስቀመጠ።

በኋላ የተነሡ ሊቃውንት መዝገቡን በመረመሩ ጊዜ የተገኘው ነገር ያሳዝናል። ልዩነቱ የሜሼን የስንፍና ውጤት አልነበረም። መሣሪያው በአሠራሩና በማርጀቱ የሚያመጣው ጉድለት፣ አየርም የኮከብን ብርሃን የሚያጐብጥበት መጠን ያን ጊዜ በደንብ ያልታወቀ ነገር ነበር። የሸሸገው ቍጥር የኀጢአቱ ምልክት መስሎት ነበር፤ ለዕውቀት ግን ትልቅ ስጦታ ይሆን ነበር። በግልጥ ቢያወጣው ኖሮ፣ ከመለኪያው የሚመጣ ስሕተትና ከለኪው የሚመጣ ስሕተት ልዩ ልዩ መሆናቸውን ዓለም ቀድሞ ይማርበት ነበር።

ሜትሩስ ትክክል ሆነ ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ዛሬ በሳተላይት ሲለካ ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ 10,002 ኪሎሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሜትሩ እንደ ታሰበው ከሚሆነው በ0.2 ሚሊሜትር ያህል አጠረ፤ ሁለት ወረቀት ቢደራረብ ያህል ማለት ነው። የጉድለቱም ዋና ምክንያት ምድር በዋልታዎቿ ምን ያህል ጠፍጣፋ እንደ ሆነች በትክክል አለመታወቁ ነበር። ሆኖም ሰዎች ስለዚህ ሜትሩን አልጣሉትም። በ1875 የ17 አገሮች መልእክተኞች በፓሪስ የሜትርን ውል ፈረሙ። በ1983 ሜትር ብርሃን በባዶ ጠፈር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 299,792,458ኛ እጅ ጊዜ የሚሄደው ርቀት ነው ተብሎ ተወሰነ፤ ከ2019 ጀምሮም ኪሎግራም በብረት ሳይሆን በተፈጥሮ ቋሚ ቍጥር ይታወቃል። ልክ እየጠራ የሚሄደው የቀድሞው ጉድለት በግልጥ ሲጻፍ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይህ በሦስት ማዕዘን የመለካት ስልት ወደ አገራችንም የመጣው ቀደም ብሎ ነው። አንቷን ዳባዲ የተባለው ሊቅ ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ እየወጣ በማዕዘን መለኪያ የአገሩን አቀማመጥ ለክቶ በመጽሐፍ አሳተመ። ገንዘባችን በ1945 በ100 ሳንቲም የሚከፈል ሆነ፤ በ1963 ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 208 የሜትር ሥርዓት የአገሪቱ ሕጋዊ መለኪያ ተባለ። ይሁን እንጂ አዋጅ የሰውን እጅ በአንድ ቀን አይለውጥም። እስከ ዛሬ ድረስ በገበያችን ጣሳና ኩባያ ከኪሎ ጐን ለጐን ይሠራሉ፤ ታችዋ ወደ ውስጥ የተጨፈለቀች ጣሳም አልጠፋችም። ከእያንዳንዱ ኪሎ 50 ግራም ብትጐድል፣ 25 ኪሎ ጤፍ የምትገዛ አንዲት እናት 1 ኪሎ ከ250 ግራም ታጣለች፤ ይህም የልጆችዋ እንጀራ ነው።

መለኪያን መቀላቀልም ነፍስን ለአደጋ ይጥላል። በ1983 በካናዳ 69 ሰዎች ያሳፈረ አውሮፕላን በሰማይ ሳለ ነዳጁ አለቀ። አገሩ ወደ ሜትር ሥርዓት በመሸጋገር ላይ ስለ ነበር፣ 22,300 ኪሎግራም ነዳጅ ሲያስፈልገው ሒሳቡ በፓውንድ ተሠርቶ የተጫነው ከግማሽ ያነሰ ሆነ። በአብራሪዎቹ ብልሃት ጊምሊ በተባለ አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ወረደና ሁሉም ተረፉ። ቍጥሩ ትክክል ነበር፤ የቍጥሩን ስም ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ልጅ «22» ብሎ መልስ ሲሰጣችሁ፣ «22 ምን?» ብላችሁ ጠይቁት።

እንግዲህ ታናናሾቻችሁን ልክ ስታስተምሩ ከቃል ጥናት አትጀምሩ። መጀመሪያ በየስንዝራቸው አንዱን መደብ ይለኩ፤ ቍጥራቸው ሲለያይ ይከራከሩ፤ ክርክሩ ራሱ የጋራ ልክ ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳቸዋል። ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ እንጨት ይዘው ሜትር በእጃቸው ይሥሩ፤ በየ10 ሳንቲሜትሩም ምልክት ያድርጉበት። ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው 10 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን ከካርቶን ሠርተው ውስጡን በላስቲክ ያልብሱት፤ በውሃ ሲሞላ አንድ ሊትር ይሆናል፤ ውሃው ብቻ ሲመዘን ደግሞ አንድ ኪሎግራም ያህል ይመዝናል። ሜትር፣ ሊትርና ኪሎግራም ዘመዳሞች መሆናቸውን በዚህ ያያሉ። ከመለካታቸው በፊትም ሁልጊዜ ይገምቱ፤ መገመት የለመደ ልጅ አታላይ ሚዛን ሲያይ ዐይኑ ይነግረዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ያዩትን ቍጥር እንዲጽፉ ማስለመድ ነው። በማስተምርበት ጊዜ አንድ ቀን ልጆቹን በሦስት ቡድን ከፍዬ አንዱን ጠረጴዛ በየተራ እንዲለኩ ሰጠኋቸው። ሁለቱ ቡድኖች 118 ሳንቲሜትር ሲሉ፣ ሦስተኛው 119 አገኘ። የሦስተኛው ቡድን ልጆች የጓደኞቻቸውን መልስ እንደ ሰሙ ላጲስ አንሥተው 9ኙን ወደ 8 ለወጡት። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ግን ደብተርዋን በእጅዋ ሸፍና፣ «የእኛ ሜትር ያሳየን 119 ነው» ብላ አልለውጥም አለች። ጓደኞችዋ ሳቁባት። እኔም ሦስቱን የእንጨት ሜትሮች አንድ ላይ አቁመን እንድናያቸው አደረግሁ። የእርስዋ ቡድን የያዘው እንጨት ከዜሮው በኩል ጫፉ ተበልቶ በግማሽ ሳንቲሜትር አጥሮ ተገኘ። ጠረጴዛው ከአንድ ሜትር ስለሚረዝም እንጨቱ ሁለት ጊዜ ተጋድሟል፤ ግማሽ ሳንቲሜትሩም ሁለት ጊዜ ተቈጥሮ አንድ ሆኗል። ልጅቱ ባትጸና ኖሮ ያ የተበላ እንጨት ስንት ዓመት ሲያሳስት በኖረ ነበር!

ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሌ የተለያየ ቍጥር በተገኘ ጊዜ ሁሉም በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያም ምክንያቱ ይፈለግ ነበር። ልጅን ስለ ተለየ ቍጥር የምናፌዝበት ወይም የምንቀጣው ከሆነ መፋቅን እናስተምረዋለን። ዛሬ በደብተር ላይ የሚፍቅ ልጅ ነገ የመድኃኒት መጠን የሚቀምም፣ የድልድይ ብረት የሚቈጥር፣ የገበሬ መሬት የሚለካ ሰው ይሆናል። ያን ጊዜ የሚፋቀው ቍጥር የሰው ሕይወትና የሰው ርስት ነው።

አባቶቻችን አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቍረጥ ይላሉ። እኔም በዚህ ላይ አሥሩን ጊዜ የለካኸውን ሁሉ ጻፈው ብዬ እጨምራለሁ። ልጆቼ፣ የታመነ ሜትር በሱቅ ይገዛል፤ የታመነ ለኪ ግን የሚገኘው በልጅነቱ ያየውን በመናገሩ ሳያፍር ካደገ ሰው ነው። ታናናሾቻችሁ እንደዚህ ሆነው እንዲያድጉ ዛሬ በቤታችሁ አንድ እንጨትና አንድ ደብተር ስጧቸውና ጀምሩ።